ውሃው ከመመለሱ በፊት፦ ስለ ብረት ቼክ ቫልቭ አመራረጥ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ስለ ውሃ ፓምፕ ጥገና በዚህ አምድ ከጻፍን ወዲህ ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዕቃ የሚጠይቁ ሆነው አገኘናቸው፤ እርሱም ቼክ ቫልቭ ነው። ቼክ ቫልቭ ፈሳሽን ወይም እንፋሎትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ፍሰቱ ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ደግሞ በራሱ የሚዘጋ፣ እጀታም ሞተርም የሌለው መሣሪያ ነው። ሠራተኛ በየዕለቱ የማይነካው በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ከተሰበረ በኋላ ሲሆን፣ በሚገዛበትም ጊዜ የሚጠየቀው የቱቦው ስፋትና ዋጋው ብቻ ነው። ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠን ከዚህ በታች መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው የሐይቁ ዳርቻ ፍራፍሬ የሚያለማ ማኅበር የፓምፕ ቤት ኃላፊ ነኝ። ከጣና በሰዓት 90 ሜትር ኩብ ውሃ እየሳብን፣ 400 ሜትር ርዝመት ባለው ባለ 200 ሚሊ ሜትር የብረት ቱቦ፣ ከፓምፑ 45 ሜትር ከፍ ብሎ ወደተሠራ ማጠራቀሚያ እንልካለን። መብራት በጠፋ ቁጥር ፓምፕ ቤቱ ውስጥ እንደ ጥይት የሚጮኽ ድምፅ ይሰማል፤ ቱቦውም ከድጋፉ ላይ ይነሣል። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ባለ 200 ሚሊ ሜትር ተወዛዋዥ ክዳን ያላቸው ሁለት ቼክ ቫልቮች ተበላሽተውብናል፤ የሁለቱም የማንጠልጠያ ፒን ተበልቶ ክዳናቸው ወደ አንድ ወገን ዘሞ ነው ያገኘነው። አሁን ደግሞ በዚያው ስፋት ከበድ ያለና ወፍራም የሆነ እንድንገዛ ተመክረናል። የእርስዎ አስተያየት ምንድን ነው?

መልስ፦ የመስመሩን ርዝመት፣ ከፍታና የውሃ መጠን ሳያጓድሉ ስለላኩልን እናመሰግናለን፤ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ባይኖሩ ኖሮ የምሰጥዎት መልስ ግምት ከመሆን አያልፍም ነበር። በእኔ እምነት በፓምፕ ቤትዎ ያሉት ችግሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፓምፑ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ቀስ በቀስ የሚደርስ ጉዳት ሲሆን፣ ሁለተኛው ፓምፑ በሚቆምበት ቅጽበት የሚደርስ ነው። ከባዱ ቫልቭ አንዱንም አያስወግድልዎትም።

ከመጀመሪያው እንነሣ። በሰዓት 90 ሜትር ኩብ ውሃ በባለ 200 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.8 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ለቱቦው መልካም ፍጥነት ነው፤ በመንገድ ላይ የሚባክነው ኃይል አነስተኛ ይሆናልና። ለተወዛዋዥ ክዳን ግን በቂ አይደለም። እንዲህ ያለ ቫልቭ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ ከማቆሚያው ጋር ተደግፎ እንዲቆም፣ እንደ አካሉ ቅርጽ፣ በሰከንድ ከ1.3 እስከ 2.3 ሜትር የሚደርስ የውሃ ፍጥነት ይፈልጋል። ከዚያ በታች ሲሆን ክዳኑ በግማሽ ተከፍቶ በውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል፤ እንደ ተንጠለጠለም ቀንና ሌሊት ይንቀጠቀጣል። የማንጠልጠያውን ፒን የሚበላው ይህ መንቀጥቀጥ ነው፤ ሁለቱ ቫልቮች በአንድ ዓይነት ሁኔታ መበላሸታቸው የሚያስረዳውም ጥፋቱ የፋብሪካ ሳይሆን የምርጫ መሆኑን ነው። እኔም በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት የቱቦውን ስፋት ብቻ ተመልክቼ ያስገዛሁት ቫልቭ በስምንተኛው ወር ክዳኑ ተነቅሎ ከመስመሩ መታጠፊያ ላይ ተወትፎ ተገኝቷል፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የውሃውን ፍጥነት ሳላሰላ የቼክ ቫልቭ ማዘዣ ላይ አልፈርምም።

መፍትሔው ቫልቩን ከቱቦው በአንድ ደረጃ ማሳነስ ነው። በባለ 150 ሚሊ ሜትር ቫልቭ ውስጥ ይኸው ውሃ በሰከንድ 1.4 ሜትር ይፈስሳል። በቫልቩ ፊትና ኋላ ማጥበቢያና ማስፊያ ሬዱሰር ይበየዳል። ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ፓምፑ ይጨነቃል ብለው ይሠጋሉ፤ ነገር ግን በቫልቩና በሬዱሰሮቹ ላይ የሚጠፋው ግፊት ከግማሽ ሜትር የውሃ ከፍታ የማይበልጥ በመሆኑ፣ ከ45 ሜትሩ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ወደ ሁለተኛውና ይበልጥ አሳሳቢ ወደ ሆነው ችግር እንምጣ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ መግፋቱን ያቆማል፤ በ400 ሜትሩ ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ወዲያው አይቆምም። በጉልበቱ ወደ ላይ መሄዱን እየቀጠለ፣ ከላይ የተጫነው የ45 ሜትር ውሃ ክብደት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የመሬት ስበት 9.81 በ45 ተባዝቶ ለ400 ሲካፈል ውጤቱ 1.1 ነው፤ ይህም ማለት የፓምፑ ግፊት በአንድ ጊዜ ቢቋረጥ የውሃው ፍጥነት በእያንዳንዱ ሰከንድ በ1.1 ሜትር ይቀንሳል ማለት ነው። እንግዲህ በሰከንድ 0.8 ሜትር ይጓዝ የነበረው ውሃ ሙሉ በሙሉ ለመቆም የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ የሚሽከረከረው የፓምፕና የሞተር ክብደት ጥቂት ቢያዘገየውም ጊዜው አጭር መሆኑ አይቀርም። ትልቁ ተወዛዋዥ ክዳን ደግሞ እስከ መቀመጫው ድረስ ረጅም ጉዞ አለበት። ስለዚህ ክዳኑ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ውሃው መመለስ ይጀምራል፤ የሚመለሰው ውሃም ክዳኑን ይዞ ከመቀመጫው ጋር ያላትመዋል። እርስዎ የሚሰሙት የጥይት ድምፅ ይህ ነው፤ ባለሙያዎች ወተር ሀመር ይሉታል፤ እኛ የውሃ ምት እንበለው።

የምቱን መጠን ማስላት ይቻላል። የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በሞስኮ የውሃ መስመሮች ላይ ሙከራ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ቀመር መሠረት፣ በድንገት በቆመ ውሃ ውስጥ የሚፈጠረው ተጨማሪ ግፊት የውሃው ጥግግት፣ ድምፅ በቱቦው ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነትና በድንገት የጠፋው የውሃ ፍጥነት ሲባዙ የሚገኘው ውጤት ነው። በብረት ቱቦ ውስጥ የግፊት ሞገድ በሰከንድ ወደ 1,200 ሜትር ስለሚጓዝ፣ በሰከንድ በግማሽ ሜትር ፍጥነት ይመለስ የነበረ ውሃ በክዳኑ በድንገት ቢታገድ 6 ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት ይፈጠራል። በቫልቩ ላይ ቀድሞውንም ከከፍታው የተነሣ 4.4 ባር አለ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ከ10 ባር ያልፋሉ። ይህን ግፊት በተራ ባለመርፌ መለኪያ ለማየት አይሞክሩ፤ ምቱ ከመርፌው ፈጥኖ ያልፋልና ንባቡ ያታልልዎታል።

ከባዱን ቫልቭ የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ወፍራም አካል ምቱን ራሱ ይችለው ይሆናል፤ ምቱ ግን አይጠፋም፤ ወደ ቱቦው፣ ወደ ፍላንጆቹ (ቱቦና ቫልቭ በብሎን የሚገጣጠሙባቸው የብረት ቀለበቶች) ብሎኖችና ወደ ፓምፑ አካል ይተላለፋል። ክዳኑም ከከበደ፣ ለመነሣት የሚፈልገው የውሃ ፍጥነት ጨምሮ የመጀመሪያው ችግር ይብሳል። መጠየቅ ያለበት ቫልቩ ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚለው ሳይሆን፣ ውሃው አቅጣጫውን ከመለወጡ በፊት መዘጋት ይችላል ወይ የሚለው ነው። በሚገባ የተፈተኑ ቫልቮች አምራቾች ለዚህ መልስ የሚሰጥ ሠንጠረዥ አላቸው፤ ውሃው በሰከንድ ይህን ያህል ፍጥነት ሲቀንስ ቫልቩ እስኪዘጋ ድረስ ወደ ኋላ የሚመለሰው ፍጥነት ይህን ያህል ነው የሚል ነው። ለሻጩ 1.1 የሚለውን ቁጥር ነግረው ይህን ሠንጠረዥ ይጠይቁት። ሠንጠረዡን ሊያቀርብ ካልቻለ ሌላ ሻጭ ዘንድ ቢሄዱ ይሻላል።

ከዓይነቶቹ ውስጥ ለእርስዎ የሚስማሙት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ክዳኑ መሐል ለመሐል ለሁለት ተከፍሎ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሚታጠፍ፣ በሞላ ተገፍቶ የሚዘጋ ባለ ሁለት ክንፍ ቫልቭ ነው፤ አሠራሩ ኤፒአይ 594 በተባለው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም መመዘኛ የተደነገገ ነው። እያንዳንዱ ክንፍ ቀላል፣ ጉዞውም አጭር በመሆኑ፣ ሞላውም የውሃውን መመለስ ሳይጠብቅ ስለሚገፋው፣ ከተወዛዋዡ እጅግ ፈጥኖ ይዘጋል። ሁለተኛው ክዳኑ በቱቦው መሐል ለመሐል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ጥቂት የሚንቀሳቀስ፣ አፍንጫ መሰል መተላለፊያ ያለው ነው፤ ከሁሉም ፈጣኑ ይህ ቢሆንም ከሁሉም ውድ ነው። ብዙ ፓምፖች ጎን ለጎን የሚሠሩበት ጣቢያ ቢሆን ኖሮ፣ አንዱ ሲቆም የቀሩት ውሃውን በኃይል ወደ እርሱ ስለሚመልሱት፣ ውድ ነው ሳልል ሁለተኛውን አዝልዎት ነበር። ለአንድ ፓምፕና ለ45 ሜትር ከፍታ ግን ባለ ሁለት ክንፉ በቂ ነው።

ይሁንና የጣና ውሃ የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደለል ይዘው ይገባሉ፤ በዳርቻው ደግሞ የደንገል ስብርባሪና የእምቦጭ ሥር ይንሳፈፋል። የእምቦጭ ሥር እንደ ፀጉር ረጅምና ልል በመሆኑ በባለ ሁለት ክንፉ መሐል ባለው ዘንግና በሞላው ላይ ተጠምጥሞ ክንፎቹ እንዳይገጥሙ ያደርጋል። ተወዛዋዡ ክዳን በዚህ ረገድ የተሻለ ታጋሽ ነው፤ ይህን ብልጫውን አልክድም። ስለዚህ ቫልቩን ከመለወጥዎ በፊት በመሳቢያው አፍ ላይ ሰፊ የወንፊት ቅርጫት ያሠሩ፤ የወንፊቱ ቀዳዳዎች ጠቅላላ ስፋት ከመሳቢያ ቱቦው አፍ አራት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ክረምቱ እንዳለፈም ቫልቩን አውጥተው ይመልከቱ። ባለ ሁለት ክንፍ ቫልቭ በሁለት ፍላንጆች መካከል ተጣብቆ የሚታሰር ስለሆነ ለማየት ከመስመሩ መውጣት ይኖርበታል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ወደ ማጠራቀሚያው በኩል በእጅ የሚዘጋ ጌት ቫልቭ ከሌለ በቱቦው ውስጥ ያለው 12 ሜትር ኩብ ተኩል ያህል ውሃ በሙሉ ፓምፕ ቤቱ ውስጥ ይፈስስብዎታል።

አገጣጠሙንም ጠበቅ አድርገው ይከታተሉ። ከፓምፑ መውጫ ቫልቩን ቢያንስ በአምስት እጥፍ የቱቦ ስፋት ያርቁት፤ ከፓምፑ የሚወጣው ውሃ እየተሽከረከረ ስለሚመጣ በቅርብ ያለ ክዳን እረፍት አያገኝም። ቱቦው አግድም ከሆነ የባለ ሁለት ክንፉ ዘንግ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ዘንጉ ከተኛ የላይኛው ክንፍ በክብደቱ ቀድሞ ሲወድቅ የታችኛው ይዘገያል። ክንፎቹ ሲከፈቱ ከቫልቩ አካል ወጣ ስለሚሉም ሌላ ቫልቭ አፉ ላይ አያስጠጉበት።

ስለ ማቴሪያሉ ባጭሩ፦ አካሉ ደብሊው ሲ ቢ በሚል ምልክት የሚታወቀው ተራ ካርቦን ስቲል ቢሆን፣ ውስጡም በኢፖክሲ ቢቀባ ይበቃል። ጣና ጨው አልባ ውሃ በመሆኑ ሙሉ አካሉን ስቴንለስ ማድረግ አስፈላጊ አይደለም፤ ያን ገንዘብ ለክንፎቹ፣ ለዘንጉና ለሞላው ያውሉት፤ እነዚህ ግን ስቴንለስ መሆን አለባቸው። ካስት አይረን ይረክሳል፤ ነገር ግን በምት የሚሰነጠቅ ተሰባሪ ብረት በመሆኑ የውሃ ምት ባለበት መስመር ላይ አልመክረውም። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ ምቱን ለማብረድ ከፓምፑ አጠገብ የአየር ጋን እናስገባ የሚል ምክር ቢመጣልዎት፣ ጋኑ ውሃውን ወደ ኋላ የሚገፋ ተጨማሪ ኃይል ስለሚሆን ያለ ፈጣን ቼክ ቫልቭ ነገሩን ያባብሰዋል።

ጥያቄ፦ በሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ከጣና ውሃ የሚስበው ፓምፓችን በመስከረም ያለ ችግር ይሠራል፤ ግንቦት ሲደርስ ግን ጠዋት ጠዋት ውሃ እየሞላን ካላስነሣነው አይስብም። ፉት ቫልቩ መለወጥ አለበት?

መልስ፦ ፉት ቫልቭ በመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ ቼክ ቫልቭ ነው። ሌሊት ውሃው ከቱቦው የሚወርደው መቀመጫው ላይ አሸዋ ወይም ሥር ስለ ተሰነገ ሊሆን ይችላልና በመጀመሪያ አውጥተው ይጠቡት፤ የጎማ መቀመጫው ከደረቀ ወይም ከተቆረጠ ጎማውን ብቻ መለወጥ ይቻላል።

ይሁን እንጂ ግንቦትን መጥቀስዎ ሌላ ነገር ያመለክታል። የሐይቁ ውሃ ከክረምት ማብቂያ በኋላ ከፍ ብሎ ቆይቶ ግንቦትና ሰኔ ላይ እጅግ ዝቅ ስለሚል ፓምፑ የሚስብበት ጥልቀት ይጨምራል። ፓምፕ ውሃን የሚስብ ቢመስለንም በእርግጥ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በሐይቁ ላይ የተጫነው አየር ነው፤ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ላይ ስለሚገኝ ይህ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በአምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። በባሕር ጠረፍ 10.3 ሜትር ውሃ የሚሸከመው አየር በባሕር ዳር የሚሸከመው 8.3 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ ከዚህም ላይ ፓምፑ ራሱ የሚፈልገው፣ በቱቦውና በፉት ቫልቩ የሚባክነው ሲቀነስ በተግባር የሚቀረው 4 ወይም 5 ሜትር ነው። የፓምፑ መመሪያ ላይ 7 ሜትር ይስባል ተብሎ ቢጻፍ ያ ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ መሆኑን ልብ ይበሉ።

በዚህ ምክንያት የፉት ቫልቩ ዓይነት ለእናንተ ትርጉም አለው። ክዳኑ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሚነሣ ባለ ወንፊት ፉት ቫልቭ፣ ክዳኑ በማጠፊያ ከሚከፈተው ጋር ሲነጻጸር የሚያባክነው ግፊት ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። በመሳቢያ መስመር ላይ ሞላ ያለው ቼክ ቫልቭ አያስገቡ። ማጠፊያ ያለውን፣ ከመሳቢያ ቱቦው አንድ ደረጃ የሰፋ ወንፊት ያለውን ይምረጡ፤ ከተቻለም ፓምፑን ወደ ውሃው ዝቅ አድርገው ይትከሉት።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር በጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል የቦይለር ኦፕሬተር ነኝ። ቦይለራችን በ10 ባር ይሠራል። የምግብ ውሃ መስመሩ፣ ማለትም ለቦይለሩ ውሃ የሚያደርሰው ቱቦ፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ቼክ ቫልቩ ስለሚያሳልፍ ፓምፑ በቆመ ጊዜ እስከ ፓምፑ ድረስ ይግላል። ክላስ 150 የሆነ ቫልቭ ገበያ ላይ አግኝተናል፤ ይሆናል?

መልስ፦ ፓምፑ እስኪግል ድረስ የቦይለር ውሃ እየተመለሰ ከሆነ ይህ ከጥገና ጉዳይነት አልፎ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። የቦይለሩ ውሃ ከተመለሰ የውሃው መጠን ከውሃ ልክ ማሳያው መስታወት በታች ይወርዳል፤ ያለ ውሃ የሚነድ ቦይለር ምን እንደሚያደርስ ለእርስዎ መንገር አያሻም። ቫልቩ እስኪለወጥ ድረስ ፓምፑ በቆመ ቁጥር የማቆሚያውን ቫልቭ በእጅ ይዝጉት፤ ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ደግሞ መክፈትዎን ያረጋግጡ።

ክላስ 150 የሚለው የግፊት ደረጃ ቁጥር በሁሉም ሙቀት አንድ ዓይነት ግፊት ይችላል ማለት አይደለም። በአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር (ኤኤስኤምኢ) ቢ16.34 መመዘኛ መሠረት ከካርቦን ስቲል የተሠራ ክላስ 150 ቫልቭ በ38 ዲግሪ 19.6 ባር ሲችል፣ በ200 ዲግሪ የሚችለው 13.8 ባር ብቻ ነው። በ10 ባር የሚሠራ ቦይለር ውስጥ ያለው ውሃ 184 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ የምግብ ፓምፑም መውጫው ተዘግቶ ሲሽከረከር የሚፈጥረው ግፊት ከቦይለሩ ግፊት በብዙ ይበልጣል። ይህ የመዘጊያ ግፊት በፓምፑ ሰሌዳ ወይም መመሪያ ላይ ይገኛል፤ ከ13 ባር ካለፈ ክላስ 150 አይሆንም። ክላስ 300 በ200 ዲግሪ 43.8 ባር ስለሚችል እኔ ያለ ማመንታት እርሱን እመርጣለሁ፤ በዚህ ስፋት የዋጋው ልዩነት ለመጨነቅ የሚያበቃ አይደለም።

ለ50 ሚሊ ሜትር መስመር ኤ105 ከተባለው ካርቦን ስቲል ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ክዳኑ እንደ ፒስተን የሚነሣ ቼክ ቫልቭ ተስማሚ ነው፤ የክዳኑና የመቀመጫው ፊት በጠንካራ ቅይጥ ብረት የተለበጠ ይሁን። የጎማ መቀመጫ በዚህ ሙቀት አይታሰብም። ሞላ የሌለው ፒስተን የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ስለሆነ ቫልቩ አግድም በሆነ ቱቦ ላይ፣ መክደኛው ወደ ላይ ሆኖ መታሰር አለበት። ቅደም ተከተሉም ከፓምፑ ሲነሣ መጀመሪያ ቼክ ቫልቩ፣ ከዚያ ማቆሚያ ቫልቩ፣ ከዚያ ቦይለሩ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ቼክ ቫልቩን ለመጠገን ከቦይለሩ መለየት ይቻላል። በድሮ መስመሮች ላይ ይህ ተገልብጦ ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ቫልቩን ሲለውጡ አብረው ያስተካክሉት።

ጥያቄ፦ ባለ 100 ሚሊ ሜትር ቼክ ቫልቭ ከአዲስ አበባ አስመጥተን ከመስመራችን ፍላንጅ ጋር አልገጥም አለ። ብሎኑ ስምንት፣ የመስመሩም ስምንት ነው። የጋራዥ ባለሙያ ቀዳዳዎቹን በእሳት አስፍቼ ላስገባው ይላል።

መልስ፦ አያስነኩት። የመስመርዎ ፍላንጅ የአውሮፓው ፒኤን 16፣ ቫልቩ ደግሞ የአሜሪካው ክላስ 150 ነው። በዚህ ስፋት ሁለቱም ስምንት ብሎን ቢኖራቸውም የብሎኖቹ ክብ በፒኤን 16 ዲያሜትሩ 180 ሚሊ ሜትር፣ በክላስ 150 ደግሞ 190.5 ሚሊ ሜትር ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ዳዶው የሚያርፍበት ብረት ይቀንሳል፤ ጋስኬቱም እኩል አይጨመቅም። በ80 ሚሊ ሜትር ላይ ስምንትና አራት ብሎን፣ በ200 ላይ ደግሞ ፒኤን 16 አሥራ ሁለት ሲሆን ክላስ 150 ስምንት ስለሆነ ስሕተቱ ቶሎ ይታያል፤ በ150 ሚሊ ሜትር ላይ ግን 240 እና 241.3 ሚሊ ሜትር በመሆናቸው አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማሉ፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይህ ነው። ቫልቩን መመለስ ካልቻሉ በመስመሩ በኩል ያሉትን ሁለት ፍላንጆች ቆርጠው ክላስ 150 ፍላንጅ ያስበይዱ። ወደፊት ሲያዝዙ ስፋቱን ብቻ ሳይሆን የፍላንጁን መመዘኛ፣ የብሎኖቹን ብዛትና ክባቸውን ለክተው ይጻፉ።

ጥያቄ፦ አዲስ የገዛነውን ባለ 100 ሚሊ ሜትር የብረት ቼክ ቫልቭ ከመግጠማችን በፊት በተቃራኒ አቅጣጫ ውሃ ሞልተን ስንሞክረው ያንጠባጥባል። ተበላሽቶ ነው የተሸጠልን?

መልስ፦ ከመግጠምዎ በፊት መሞከርዎ የሚያስመሰግን ነው። መልሱ በመቀመጫው ላይ የተመሠረተ ነው። መቀመጫው ጎማ ከሆነ በፈተና ግፊት ምንም ማንጠባጠብ የለበትም። ብረት ለብረት የሚገጥም ከሆነ ግን ኤፒአይ 598 የተባለው የፈተና መመዘኛ በውሃ ሲሞከር ለእያንዳንዱ ኢንች ስፋት በደቂቃ 3 ሚሊ ሊትር እንዲያሳልፍ ይፈቅዳል፤ የእርስዎ 4 ኢንች ስለሆነ በደቂቃ 12 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ይህ ገደብ የተሰጠው በሙሉ የፈተና ግፊት ሲሞከር መሆኑን ግን አይዘንጉ። ቼክ ቫልቭ የሚጠብቀው ከኋላው በሚገፋው ግፊት ነው፤ በባልዲ ውሃ ብቻ ሲሞከር ክዳኑን የሚያጣብቀው ኃይል ስለማይኖር ጤነኛውም ከዚህ በላይ ሊያንጠባጥብ ይችላል።

ስለዚህ አፉን በድፍን ፍላንጅ ዘግተው በእጅ የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ወደ መስመርዎ የሥራ ግፊት ያድርሱት፤ በውስጡ የቀረውን አየር አስቀድመው ያስወጡ፤ በሌላኛው አፉ የሚንጠባጠበውን ውሃም በቡና ሲኒ ይቀበሉ። 75 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲኒ ለመሙላት ከስድስት ደቂቃ በላይ ከፈጀበት ቫልቩን ይግጠሙት። ከዚያ ቀድሞ ከሞላ ክዳኑን ከፍተው በመቀመጫው ላይ የማሸጊያ ስብርባሪ ወይም የብየዳ ፍንጣሪ አለመኖሩን ይመልከቱና አጽድተው ይድገሙት፤ አሁንም ከሞላ ደረሰኙን ይዘው ለሻጩ ይመልሱት።